ልቡ የተሰበረ ሰው ለምን ወደ ሰሜን ይሄዳል?

ዘፈኑ ሲጀምር ሴትየዋ ከባቡር እየወረደች ነው። ባቡሩ ማታ ቶኪዮ ውስጥ ካለው ከኡዌኖ ጣቢያ የተነሳ ነው፤ የወረደችው ደግሞ በጃፓን ዋና ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ አኦሞሪ ላይ ነው። ጣቢያው በረዶ ውስጥ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድና አንድ ሙሉ ሌሊት አለ፤ ስለዚያ ሌሊት ግን ግጥሙ ትንፍሽ አይልም። ስታለቅስ ነጋ ወይስ እንቅልፍ ወሰዳት? ሰውየው ምን ብሏት ተለያዩ? ከጎኗ ማን ተቀምጦ ነበር? ምንም። ሌሊቱ አልፏል፣ እግሯ በረዶ ረግጧል፣ በቃ።

ይህ ኢሺካዋ ሳዩሪ በ1977 ጃንዋሪ 1 ቀን ያወጣችው፣ ዋናውን ደሴት ከሰሜኑ የሆካይዶ ደሴት የሚለየው የትሱጋሩ ሰርጥ ዘፈን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ግጥሙ የአኩ ዩ፣ ዜማው የሚኪ ታካሺ ነው። ዘፋኟ ያኔ 18 ዓመቷ ነበር፤ 19 የሞላት ዘፈኑ በወጣ በዚያው ወር ነው። የጃፓን የሕዝብ ቴሌቪዥን የሆነው ኤንኤችኬ በየዓመቱ ዲሴምበር 31 ማታ ኮሃኩ የሚባለውን የዘፈን ዝግጅት ያስተላልፋል፤ ጃፓኖች የዓመቱን መጨረሻ ከሱ ጋር ነው የሚሸኙት። ኢሺካዋ በዚህ መድረክ ላይ ለዓመታት ይህንን ዘፈንና ሌላውን ዝነኛ ዘፈኗን እያፈራረቀች ዘፍናለች። ኤንካ የሚባለው የጃፓኖች የትካዜ ዘፈን ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ማብራሪያ አልጀምርም፤ ይህን ዘፈን ከፍቼ አሰማዋለሁ።

እኔ የምሠራው ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን የቀን መዋያ ነው። ጃፓን ያለን ሐበሾች ካትሱሺካን እናውቃታለን፤ ዮትሱጊ ጣቢያ አካባቢ ተሰባስበን የምንኖረው እዚያ ነው። ጠዋት በመኪና እየዞርን ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ከየቤታቸው እናመጣለን፤ ይታጠባሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ እጅ እግራቸውን ያፍታታሉ። ከዚያ የካራኦኬው ማሽን ይከፈታል። ቃላቱ ስክሪኑ ላይ ከዜማው ጋር ቀለማቸው እየተቀየረ ያልፋሉ፤ ከከባዶቹ የቻይና ፊደላት በላይ ደግሞ አነባበባቸው በቀላሉ ፊደል በትንንሹ ይጻፋል። እኔ ማንበብ የለመድኩት ከትምህርት ቤት ይልቅ እዚያ ስክሪን ላይ ነው። በረዶ፣ ሰሜን፣ ወደብ፣ መርከብ፣ ማረፊያ ቤት፣ ሳኬ፣ እንባ፤ እነዚህን የቻለ ሰው ኤንካን ለማንበብ ብዙ አይቸገርም።

መጀመሪያ ላይ በረዶው ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ማንኛውም ዘፋኝ ሐዘንን ለማድመቅ ዝናብ ወይም ጨለማ እንደሚጨምር ሁሉ፣ ጃፓኖቹም በረዶ የሚጨምሩ መስሎኝ ነበር። ሌላ ነገር መሆኑ የገባኝ ከምንንከባከባቸው እናቶች አንዷ የትሱጋሩን ዘፈን አንድ ስንኝ ቃል በቃል ሲተነትኑልኝ ነው።

እኒህ እናት የአኦሞሪ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። ቶኪዮ የመጡት በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ 15 ዓመታቸው ላይ፣ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው ነው። በዚያ ዘመን ከሰሜን ጠቅላይ ግዛቶች ትምህርት የጨረሱ ልጆችን በጅምላ ጭኖ ኡዌኖ የሚያራግፍ ልዩ ባቡር ነበር። የመጀመሪያው በ1954 ከአኦሞሪ ተነሳ፤ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በየፀደዩ ይመላለስ ነበር። አሠሪዎች ልጆቹን «ወርቃማ እንቁላሎች» ይሏቸው ነበር። የኡዌኖ ጣቢያ ላይ የፋብሪካ ባለቤቶች የስም ዝርዝር ይዘው ይጠብቋቸዋል፤ እኒህ እናት ካትሱሺካ ውስጥ አንድ የልጆች መጫወቻ ፋብሪካ ደረሳቸው። ወደ አገራቸው የሚመለሱት ለአዲስ ዓመት ብቻ ነበር፤ ማለትም በረዶው ከሁሉ በሚከፋበት ጊዜ።

ዘፈኑ ውስጥ ወደ ሰሜን የሚመለሰው ሕዝብ ሁሉ ዝም ብሎ የባሕሩን ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። እኒህ እናት ማይክሮፎኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ይሄ እውነት ነው፤ ማንም አያወራም ነበር» አሉኝ። «ሌሊቱን ቁጭ ብለን ነው የመጣነው። አፋችን ደርቋል፣ እግራችን አብጧል። ደግሞ ቶኪዮ ውስጥ አነጋገራችን ስለሚሳቅበት ዝም ማለት ለምደናል።» ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው እጃቸውን አወዛወዙ። «ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ሆካይዶ የሚሻገሩት ይሮጡ ነበር! እኛ እዚያው ስለምንወርድ ቆመን እናያቸዋለን። ሻንጣቸውን ተሸክመው፣ ልጃቸውን እየጎተቱ፣ መርከቡ ላይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቦታ ሳይያዝባቸው ለመድረስ ሽቅድምድም ነው። ዘፈኑ ውስጥ የሚሮጥ ሰው የለም።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ አኩ ዩን ይበልጥ አደነቅሁት። ሩጫውን አውጥቶ ዝምታውን አስቀረ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የተተወች ሴት ጆሮ ውስጥ የሚገባው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሁሉም ቦታ ለመያዝ ሲሮጥ እሷ የምትሮጥለት ነገር የላትም። ብቻዋን መርከቡ ላይ ትወጣለች፣ በብርድ ሊደርቁ የደረሱ የባሕር ወፎች እያየች ታለቅሳለች። ዘፈኑ ሁለት ክፍል አለው፤ ማልቀሷን በቀጥታ የምትናገረው እዚህ፣ አንድ ጊዜ ነው።

እኔ ግን የምወደው ሁለተኛውን ክፍል ነው። መርከቡ ተነስቷል። አንድ የማታውቀው ሰው በጣቱ እያሳየ «ያ የታፒ ጫፍ ነው፤ የሰሜኑ ዳርቻ» ይላታል። ደግ መንገደኛ ነው፤ ጎኑ ያለችው ሴት ምን ተሸክማ እንደምትሄድ አያውቅም። እሷም ላለማስከፋት ይመስለኛል ወደ መስኮቱ ትዞራለች። መስታወቱ በራሷ ትንፋሽ ጭጋግ ለብሷል። በእጇ ትጠርገዋለች፤ የተባለው ቦታ ግን በሩቁ ደብዝዞ ከመታየት አያልፍም። ስንብቷን የምትናገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ደህና ሁን፣ እኔ ወደ አገሬ ልመለስ ነው ትለዋለች። ያ መስኮት ከየትኛውም የእንባ መግለጫ የበለጠ ይነግረኛል። የሚታየውን ነገር የሸፈነው በረዶው ብቻ አይደለም፤ የራሷ ትንፋሽም ነው። ጠርጋውም አልጠራላትም።

እኔ የተለያየሁት በስልክ ነው። እሱ አዲስ አበባ፣ እኔ ካትሱሺካ፤ ፌብሩዋሪ ነበር፤ ከሥራ ወጥቼ የብስክሌት ማቆሚያው ጋ ቆሜ ነበር የማወራው። ተጨቃጭቀን አልነበረም። ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ እየተከባበርን ነው የጨረስነው። ስልኩን ዘግቼ የብስክሌቴን ቁልፍ ስፈልግ ጣቶቼ ደንዝዘው አልታዘዝ አሉኝ። ለጓደኞቼ ስለዚያ ቀን ሳወራ የሚመጣልኝ የተባባልነው ነገር ሳይሆን ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ ማለቱ ነው። ኤንካ ይህን ያውቃል። የተባባሉትን ትቶ ዓይን ያየውንና እጅ የነካውን ይይዛል።

የአኩ ዩ ሌላው የሰሜን ዘፈን ደግሞ ሚያኮ ሃሩሚ በ1975 መጨረሻ ያወጣችው፣ በ1976 የጃፓን ሪከርድ ሽልማትን የወሰደው ነው። ዜማው የኮባያሺ አሴይ ነው። እንደ ደብዳቤ ነው የተጻፈው። ሴትየዋ ሰሜን ውስጥ አንድ ማረፊያ ቤት ተቀምጣለች፤ እዚያ ለምን እንደሄደች አይነገርም። ለሄደው ሰው እንዴት ነህ፣ ብርዱ ከቀን ቀን እየበረታ ነው ብላ በትሕትና ትጽፍለታለች። ከዚያ ቀጥላ ብርዱን ችላ ሹራብ እየሠራች መሆኑን ትነግረዋለች፤ እሱ የማይለብሰውን ሹራብ። የማይለብሰው መሆኑንም ታውቃለች፤ ራሷ ናት የምትናገረው።

ይህን ዘፈን የማይወዱ ሰዎች አሉ። ወጣት የሥራ ባልደረቦቼ ሴትየዋ ራሷን እያዋረደች ነው ይላሉ። እኔ እንደዚያ አይሰማኝም። የጀመረችውን ነገር ሳትጨርስ መተው የማትችል ሴት ናት ለእኔ። ሰውየው ሄዷል፣ ሹራቡ ግን ክንዱ ቀርቷል፤ ትጨርሰዋለች፣ ከዚያ ትነሳለች። ሚያኮ ሃሩሚም አታለቃቅሰውም። ከጉሮሮዋ ሥር አጉረምርማ የምታወጣው ድምፅ አላት፤ የታወቀችበትም እሱ ነው። ትሑቱ ቃል በዚያ ጠንካራ ድምፅ ሲወጣ፣ ሴትየዋ ተንበርክካ ሳይሆን ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነው የምትታየኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ፤ ለምን ሰሜን?

አንዱ መልስ መሬቱና አየሩ ውስጥ ነው። በብርዱ ወራት ከሳይቤሪያ የሚነሳው ደረቅ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር ከሞቀው ውሃ እርጥበት ይጠጣል፤ ከዚያ የጃፓን ተራሮች ላይ ሲጋጭ ያን ሁሉ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። አኦሞሪ ከተማ ላይ በአማካይ በዓመት የሚወርደው በረዶ ቢደማመር ከ5 ሜትር በላይ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለችው ቶኪዮ ግን በዚያው ሰሞን ፀሐይ ናት፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ አየሩ ደረቅ። ባቡሩ ተራራውን ሲያልፍ ሰማዩ ይቀየራል። ስለዚህ የሌሊት ባቡር ተሳፍሮ በረዶ ውስጥ መውረድ የግጥም ፈጠራ አይደለም፤ የየዓመቱ ነገር ነበር።

ሁለተኛው መልስ እንጀራ ነው። ሰሜን የሩዝ ገበሬ አገር ነው፤ መሬቱ ለወራት በረዶ ሥር ይቀበራል። አባወራው አዝመራውን ሰብስቦ ወደ ቶኪዮ ለጉልበት ሥራ ይወርዳል፤ መንገድ፣ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ለ1964ቱ ኦሊምፒክ የተሠራው ሁሉ የእነዚህ ሰዎች ላብ አለበት። የሚመለሰው በረዶው ሲቀልጥ ነው። ሚስት፣ ልጅና ሽማግሌ ጣሪያ ላይ ወጥተው በረዶ እየዛቁ ይጠብቁታል። አንዳንዱ አይመለስም፤ ከተማ ውስጥ ሌላ ኑሮ ይጀምራል። ስለዚህ በዚያ አገር መለያየት ራሱ ወቅት ነበረው። በረዶ ሲጀምር ቤት ይጎድላል። ዘፈኖቹ ያንን አልፈለሰፉትም፤ ሰዎቹ ያውቁት ነበር። እነዚያ 15 ዓመታቸው ላይ ባቡር የተጫኑት ልጆች አድገው፣ ማታ ማታ ትንንሽ መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚሰሙት ዘፈን ሲያጡ ኤንካ ደረሰላቸው።

ነገር ግን ሌላም እውነት አለ፤ እሱን ሸሽጌ ባልፍ ደስ አይለኝም። አኩ ዩ የሰሜን ሰው አልነበረም፤ የተወለደው በ1937 በደቡብ በኩል፣ ሞቃቱ የውስጥ ባሕር ዳር፣ አዋጂ ደሴት ላይ ነው። ኢሺካዋ ሳዩሪ የተወለደችው ኩማሞቶ፣ ኪዩሹ ደሴት ነው። ሚያኮ ሃሩሚ የኪዮቶ ልጅ ናት። በኤንካ ውስጥ ያለው ሰሜን ብዙ ጊዜ በደቡብ ሰዎች የታሰበ ሰሜን ነው፤ ይህ ደግሞ አንዳንዴ ያስቀይማል። በ1974 ሞሪ ሺንኢቺ ስለ ሆካይዶዋ የኤሪሞ ጫፍ ሲዘፍን ጸደይዋን ምንም የሌለበት ጸደይ ብሎ ጠራት፤ የአገሩ ሰዎች ቅር አላቸው። ዘፈኑ ግን በዚያ ዓመት ሪከርድ ሽልማቱን ወሰደ፣ እንግዳ ወደ ኤሪሞ ይጎርፍ ጀመር፤ ዛሬ ጫፉ ላይ የዘፈኑ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። የእኛ መዋያ እናት ስለ አኩ ዩ ትውልድ ቦታ ስነግራቸው ምንም አልመሰላቸውም። «ደንብ ነው፤ እዚያ ያለ ሰው በረዶ አይዘፍንም፤ ይዝቃል» አሉኝ።

እሳቸው ራሳቸው የሚመርጡት ኒኑማ ኬንጂ በ1987 ያወጣውን ነው፤ በትሱጋሩ የሚወርዱትን ሰባት በረዶዎች የሚቆጥረውን። ዱቄቱ፣ ፍሬፍሬው፣ ጥጡ፣ ሻካራው፣ ውሃማው፣ ጠንካራው፣ ጸደይን የሚጠብቀው ግግር። አዝማቹ ሲደርስ መዳፋቸውን ዘርግተው ለእያንዳንዱ ጣታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ለዱቄቱ ጣታቸውን እንደ ጨው በታኝ ያሽከረክራሉ፤ ውሃማው ጋ እጃቸው ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወድቃል፤ ግግሩ ላይ ጡጫ ይጨብጣሉ። ስማቸውን የሚረሱ ቀን አለ። ሰባቱን በረዶዎች ሲሳሳቱ ግን አይቼ አላውቅም።

ስለ ዜማው አንድ ነገር ካላልኩ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ሐበሻ ጆሮ ኤንካን ሲሰማ የሚሆን ነገር አለ። ብዙዎቹ የኤንካ የሐዘን ዘፈኖች የሚመሠረቱበት ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፤ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ይህን ክራር ለሚቃኝ ሰው ስጡት፤ ትዝታ ማይነር ነው ይላችኋል። ርቀታቸው አንድ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ተገናኝተው የተቀባበሉት አይደለም፤ ግን ድምፁ ሲመጣ ሰውነት ያውቀዋል። በዚያ ላይ ድምፅን በአንድ ፊደል ላይ የማርገብገብ ነገር አለ፤ እነሱ ኮቡሺ ይሉታል። የእኛም ዘፋኞች ያለዚያ አይዘፍኑም። አንድ ቀን ካራኦኬው ከመጀመሩ በፊት ስልኬ ላይ በማሲንቆ የተጫወተ ትዝታ ከፈትኩ። ሁልጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ቀና አሉና «ይሄ የየት ጠቅላይ ግዛት ዘፈን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የኢትዮጵያ ነው ስላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እንድደግመውም ፈለጉ።

ጥቁር ፊት ያለን ሰዎች ደግሞ በዚህ አገር ኤንካ እንወዳለን ስንል ሽማግሌዎቹ ወዲያው ጄሮን ያነሳሉ። ጄሮ የፒትስበርግ አሜሪካዊ ነው፤ አያቱ ጃፓናዊት ነበሩ፤ ኤንካን የለመደውም ከእሳቸው ነው። በ2008 ፌብሩዋሪ ላይ ኮፍያውንና ሰፊ ሱሪውን እንደለበሰ ብቅ ብሎ በመጀመሪያ ዘፈኑ ኦሪኮን በሚባለው የጃፓን የሙዚቃ ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 4ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ኮሃኩ ላይ ቆመ። በ2018 ዘፈኑን አቁሞ ወደ ሌላ ሥራ ቢሄድም ያ የመጀመሪያ ዘፈኑ ለእኔ ከትልልቆቹ ጋር ይቆማል። ዘፈኑ የተተወች ሴት ድምፅ ነው፤ በኤንካ ወንድ በሴት አንደበት መዝፈኑ የተለመደ ነው፣ ማንንም አይገርምም። ቦታው በኒጋታ የባሕር ዳርቻ፣ ኢዙሞዛኪ ነው። በረዶው የሚወርደው ባሕር ላይ ነው፤ ማዕበሉ ይውጠዋል፣ ምልክት እንኳ አይተውም። መሬት ላይ የሚወርድ በረዶ ቢያንስ ይቆለላል፤ ሰው ያየዋል፣ ይዝቀዋል። ባሕር ላይ የሚወርደው ግን ምን ያህል እንደወረደ ማን ሊያውቅ? ያለ ምላሽ የሰጡት ፍቅር እንዲህ ነው ለማለት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

በረዶ የፍቅር ብቻ አይደለም። ኪታጂማ ሳቡሮ በ1980 ያወጣው፣ ግጥሙ የሆሺኖ ቴትሱሮ፣ ዜማው የፉናሙራ ቶሩ የሆነው ዘፈን የተሠራው በታካሃሺ ቺኩዛን ሕይወት ላይ ነው። ቺኩዛን በ1910 አኦሞሪ ውስጥ ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ኩፍኝ ዓይኑን አጠፋው። ሻሚሰን የሚባለውን ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ተምሮ በሰሜኑ ሁሉ ከደጅ ደጅ እየዞረ፣ በረዶ ላይ ቆሞ እየተጫወተ፣ አንድ እፍኝ ሩዝ እየተቀበለ ኖረ። የእኛ ላሊበሎች ሌሊት ደጅ ላይ ቆመው የሚያዜሙትን የሰማ ሰው ይህን ዘፈን ለመረዳት አይቸገርም። ኪታጂማ ኮሃኩ ላይ ይህን ሲዘፍን ከላይ የሚለቁበት የወረቀት በረዶ ፊቱ ላይ እስኪለጠፍ ይወርድበት ነበር፤ እሱ ግን አያራግፈውም፣ አፉን ከፍቶ ይዘፍን ነበር።

አኦሞሪ ሄጃለሁ። አሁን ፈጣኑ ባቡር ከቶኪዮ ሺን-አኦሞሪ የሚያደርሰው በሦስት ሰዓት ከምናምን ነው፤ ቡናዬን ሳልጨርስ የሰማዩ ቀለም ተቀየረ። ከተማው ውስጥ የመንገዱ ዳርና ዳር የበረዶ ግድግዳ ነው፤ ሰዎች ከጣሪያ ላይ እየገፉ ይጥሉታል። ወደቡ ጋ ሃኮዳ ማሩ የምትባለው መርከብ ሙዚየም ሆና ቆማለች። የዘፈኑ ሴት የተሳፈረችው እንዲህ ካሉት አመላላሽ መርከቦች በአንዱ ነው። ከ1908 ጀምሮ ባቡር ጣቢያውን ከሆካይዶዋ ሃኮዳቴ ጋር ያገናኙ ነበር፤ መንገዱ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በ1954 ሴፕቴምበር ቶያ ማሩ በአውሎ ነፋስ ሰጠመች፤ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ከባሕሩ ሥር ዋሻ ይቆፈር የሚለው ሐሳብ የበረታው ከዚያ በኋላ ነው። 53.85 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የሴይካን ዋሻ በ1988 ማርች 13 ሲከፈት አመላላሾቹ መርከቦች በዚያው ቀን አበቁ። ዘፈኑ ሲወጣ ሰው በየቀኑ የሚያደርገው ጉዞ ነበር፤ 11 ዓመት ብቻ ቆይቶ ጉዞው ራሱ ታሪክ ሆነ። አሁን ባቡሩ ከባሕሩ በታች ያልፋል፤ የሚጠረግ መስኮት ቢኖርም ከውጭ ያለው ጨለማ ነው።

ታፒ ጫፍ ላይ ሌላ ድንጋይ አለ፤ ቁልፉ ሲጫኑት ዘፈኑን ከሁለተኛው ክፍል ይጀምራል፤ የታፒ ስም የተጠራው እዚያ ነውና። እሱን ለማየት ብርዱ አልፎ መንገዱ ሲመች እሄዳለሁ።

መዋያችን በየዲሴምበሩ የዓመት መሸኛ ግብዣ አለው፤ ዘንድሮ ሠራተኛው ሁሉ አንድ አንድ ዘፈን ያዘጋጅ ተብሏል። ሽማግሌዎቹ ለእኔ የትሱጋሩን መርጠውልኝ ነበር። የአኦሞሪዋ እናት ግን ሰሙና አይሆንም አሉ፤ «ድምፅሽ ወፍራም ነው፣ መጨረሻው ላይ አይወጣልሽም፤ ሹራቡን ዝፈኚ።» ልክ ናቸው። ስለዚህ የሚያኮ ሃሩሚን እየተለማመድኩ ነው፤ ማሽኑን ሦስት ደረጃ ዝቅ አድርገነዋል። የምቸገረው ሁለተኛው ክፍል መግቢያ ላይ ነው፤ ትንፋሽ የምወስደው ቶሎ ነው ይሉኛል። ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ አጠገቤ ተቀምጠው መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ እየመቱ ይቆጥሩልኛል፣ ስሳሳት ያቆሙኛል፣ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል።